ሃምሳ ሸክላና አንድ የተቃጠለ ደብተር

የዓመት መጽሐፉ አዘጋጆች «ከታሪክ ትምህርት ክፍል ልጆች አንድ ጽሑፍ እንፈልጋለን» ሲሉኝ፣ ስለ ነገሥታት ወይም ስለ ጦርነት እንድጽፍ ጠብቀው ይሆናል። እኔ ግን የምጽፈው ስለ አንድ ትንሽ ሸክላ አሳታሚ ነው።

በ1966 ዓ.ም. ስድስት ኪሎ የነበራችሁ ታስታውሳላችሁ፣ ያለ መዝሙር የሚጀመር ስብሰባ አልነበረም። ድምፄ የማይረባ ስለነበር እኔ የምንዘምረውን በሰማያዊ ደብተር እገለብጥ ነበር። ግጥሙ የማን ነው፣ ዜማው ከየት መጣ፣ መቼ ተዘመረ እያልኩ ሁሉንም እጽፋለሁ። የታሪክ ተማሪ አመል መሆኑ ነው። በ1970 ዓ.ም. ፍተሻው ሰፈራችን ሲደርስ እናቴ ደብተሩን ምድጃ ውስጥ ከተተችው። «ከወረቀት ልጄ ይበልጥብኛል» አለች። ያን ጊዜም ዛሬም አልፈረድኩባትም።

ከብዙ ዓመት በኋላ ዋሽንግተን ስኖር፣ የስሚዝሶኒያን ፎክዌይስን የሸክላ ስብስብ ሳገላብጥ «ፓሬዶን» የሚል ስም አየሁ። ቃሉ የስፓኝ ነው። ትልቅ ግድግዳ ማለት ሲሆን፣ ሰው ተደግፎ የሚረሸንበትንም ግድግዳ እንዲሁ ይሉታል። ስሙ ያስደነግጣል፤ ለእኛ ትውልድ ደግሞ በተለይ።

ፓሬዶንን እ.ኤ.አ. በ1969 ያቋቋሙት ባርባራ ዴን እና ኢርዊን ሲልበር የሚባሉ አሜሪካውያን ባልና ሚስት ናቸው። እሷ በ1927 ዲትሮይት የተወለደች የብሉዝና የጃዝ ዘፋኝ ናት፤ እሱ ደግሞ «ሲንግ አውት» የተባለውን የሕዝብ ዘፈን መጽሔት ለዓመታት ያዘጋጀ ሰው ነው። ዴን በ1966 ኩባ ሄዳ ዘፈነች፤ በዓመቱም ሃቫና ላይ በተደረገው የተቃውሞ ዘፋኞች ጉባኤ ተገኘች። እዚያ የሰማችው ዓይነት ዘፈን አሜሪካ ውስጥ የሚያሳትምለት አልነበረም። የመጀመሪያው ሸክላቸውም የላቲን አሜሪካ የተቃውሞ ዘፈን ሆነ።

ከ1970 እስከ 1985 ድረስ ሃምሳ አልበም አወጡ። የአንጎላ ነፃ አውጪዎች፣ የቬትናም፣ የፍልስጤም፣ የፊሊፒንስና የቺሊ ድምፅ አለበት። ዴን ራሷ የቬትናምን ጦርነት ከሚቃወሙ ወታደሮች ጋር የዘፈነችውም አለ። በ1973 የወጣው «ኤ ግሬን ኦፍ ሳንድ» የእስያ አሜሪካውያን ሙዚቃ የመጀመሪያ አልበም ተብሎ ይጠቀሳል። በ1975 ደግሞ የጥቁሮች የመብት ትግል ልጅ የሆነችው የበርኒስ ጆንሰን ሬገን አልበም ወጣ።

እኔን የያዘኝ ግን ከዘፈኖቹ ይልቅ ከሸክላው ጋር የሚመጣው ቡክሌት ነው። ግጥሙ በመጀመሪያ ቋንቋውና በእንግሊዝኛ ታትሟል፤ ዘፈኑ ከየት እንደመጣ፣ የአገሩ ታሪክ ምን እንደሆነ ተብራርቷል። ቁጭ ብዬ ሳነብ ሰማያዊው ደብተሬ ታየኝ። እናቴ ያቃጠለችውን ዓይነት ነገር እነሱ አሳትመውታል።

በዚያው በ1969 አምሃ እሸቴ አዲስ አበባ ላይ አምሃ ሪከርድስን አቋቋመ። ሸክላ የማሳተም መብት በሕግ ለሀገር ፍቅር ተሰጥቶ ሳለ፣ ደፍሮ ሕንድ አገር አሳተመ። ሁለቱን አንድ ናቸው አልልም። አምሃ ነጋዴ ነበር፣ ያሳተመውም በአብዛኛው የፍቅር ዘፈን ነው። ነገር ግን በአምሃ ድፍረት የከተማው የምሽት ዘፈን ተረፈልን፤ የተማሪው መዝሙር ግን እንዲህ ያለ አሳታሚ አላገኘም።

ፓሬዶንን ለማሞገስ ብቻ አልተነሳሁም። ቡክሌቶቹ የትግሉን ሰዎች ቃል እንዳለ ተቀብለው የሚያስተላልፉ ናቸው። «ድል የእኛ ነው» የተባለላት አንጎላ በ1975 ነፃ ብትወጣም እስከ 2002 ድረስ በእርስ በርስ ጦርነት ነደደች። ይህን ለመረዳት እኛ አስተማሪ አያስፈልገንም። አንድ መዝሙር አብረው የዘመሩ ልጆች በሁለት ዓመት ውስጥ ጠላት ሆነው ሲገዳደሉ አይተናል። አንዳንዱን ግጥም ዛሬ ሳስታውሰው ያሳፍረኛል። ቢሆንም የሚያሳፍረውም ሰነድ ነው። ሰነዱ ከሌለ የልጅ ልጆቻችን ወይ ጀግና ያደርጉናል፣ ወይ እብድ፤ ሁለቱም ልክ አይሆንም።

ፓሬዶን ሥራውን ሲያቆም ስብስቡ እንዳይበተን በ1991 ወደ ስሚዝሶኒያን ገባ። ስለዚህ ማንም ተማሪ ዛሬ ሊሰማው፣ ሊመረምረው፣ ሊነቅፈውም ይችላል። ሲልበር በ2010፣ ዴን ደግሞ በ2024 በ97 ዓመቷ አርፈዋል። ሥራቸው ግን ከእነሱ ጋር አልተቀበረም።

ወደ እኛ ልመለስ። ከደብተሬ አሥራ አንድ መዝሙር በቃሌ ይዣለሁ፤ ከእነሱ የአራቱ ሁለተኛ ስንኝ ጠፍቶብኛል። የሦስቱን ገጣሚ አውቃለሁ፤ ሦስቱም በሕይወት የሉም። በየዓመቱ ስንገናኝ ወንበሮቻችን እየሳሱ ነው። በዘንድሮው ስብሰባ ከምሳ በኋላ ጥግ ያለው ጠረጴዛ ላይ መቅጃ ይዤ እቀመጣለሁ። ድምፅ አይጠየቅም፤ የእኔን ታውቁት የለ! መዝሙሩን፣ የተዘመረበትን ቀንና የገጣሚውን ስም ብቻ ይዛችሁ ኑ። በሥራ ላይ ያላችሁ መምህራንም አደራ፣ ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ አንድ መደርደሪያ ፈልጉልን። በዚህ ጊዜ ከአንድ በላይ ቅጂ ይኖረናል።