ሶፍትዌር መር የፋይል ማከማቻ

የፋይል አያያዝ ሥራው ከአንድ አምራች ልዩ መሣሪያ ወጥቶ፣ በተራ ሰርቨሮች ላይ በተጫነ ሶፍትዌር የሚከናወንበት የተቋማት ማከማቻ ሥርዓት ነው። ቦታ ሲጠብ ሰርቨር ይጨመራል፤ ያረጀው ይነሳል፤ ተጠቃሚው የሚያየው ግን ያንኑ ፎልደር ነው።

ታዋቂው ምሳሌ ሴፍ ነው። ሴጅ ዌይል በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሳንታ ክሩዝ በዶክትሬት ጥናቱ የሠራው ሲሆን፣ በ2006 እ.ኤ.አ. በጥናታዊ ጽሑፍ ቀርቧል። የፋይሉን ስም፣ ባለቤትና ፈቃድ የሚይዘው ክፍል ዳታውን ከሚይዘው የተለየ ነው። ፋይሉ አብዛኛውን ጊዜ በ4 ሜጋባይት ይቆራረጥና እያንዳንዱ ቁራጭ በሦስት ሰርቨሮች ላይ ይቀመጣል። የትኛው ቁራጭ የት እንዳለ የሚመዘግብ ማዕከል የለም፤ ፋይሉን የሚፈልገው ኮምፒውተር ክረሽ በተባለ ቀመር ቦታውን ራሱ ያሰላል። የንድፉ ትልቁ ብልሃት ይህ ነው፤ ሁሉም የሚሰለፍበት አንድ በር አይኖርም።

ግቢዎቹ በተለያዩ ከተሞች ላሉት ተቋም ግን ቅጂዎቹ የት ይቀመጡ የሚለው ጥያቄ ይነሳል። ለምሳሌ የወልድያ ዩኒቨርሲቲ ዋና ግቢው ወልድያ፣ የግብርና ግቢው ደግሞ መርሳ ነው። እንዲህ ላለ ተቋም ሦስቱን ቅጂዎች በሁለቱ ከተሞች መበተን አይበጅም፤ ሁሉም ቅጂ ተጽፎ እስኪያልቅ ስለሚጠበቅ፣ መስመሩ ሲንቀራፈፍ ሥራው ሁሉ ይጎተታል። ለየግቢው ራሱን የቻለ ማከማቻ አቁሞ፣ ለውጡን ሌሊት ሌሊት ወደ ሌላው መላክ ይሻላል።

ወልድያ ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. በሰሜን ኢትዮጵያ ጦርነት በተያዘችበት ወቅት ዩኒቨርሲቲው ተዘርፏል። በአንድ ክፍል ያሉ ሦስት ቅጂዎች ከዲስክ ብልሽት እንጂ ከዝርፊያ አያድኑም፤ አንድ ቅጂ ከአካባቢው ውጭ መቀመጥ አለበት።