ከአንድ ማዕድ የሚቀርብ ጨው
እንቅርት፣ የልብ ትርታና የባልና ሚስት ጤና በታሪክ ሲታይ

ባልና ሚስት በደም የማይዛመዱ፣ በኑሮ ግን ከማንም ይበልጥ የሚቀራረቡ ሰዎች ናቸው። በክርስቲያኑ አማራ ልማድ ጋብቻ ከመፈጸሙ በፊት የዘር ሐረግ እስከ ሰባት ቤት ይቆጠራል፤ ይህም ተጋቢዎቹ የሥጋ ዘመዳሞች እንዳይሆኑ ለመጠንቀቅ ነው። ከተጋቡ በኋላ ግን ከአንድ ምንጭ ይጠጣሉ፤ ከአንድ ድስት ይበላሉ፤ በአንድ ጣራ ሥር ያድራሉ። ስለዚህም አንድ ዓይነት ሕመም በባልም በሚስትም ላይ በታየ ጊዜ ምክንያቱ በመጀመሪያ መፈለግ ያለበት ከዘራቸው ሳይሆን ከቤታቸው ነው።

የጤነኛ ዐዋቂ ሰው ልብ በዕረፍት ጊዜ በደቂቃ ከ60 እስከ 100 ጊዜ ይመታል። ከዚህ አልፎ ያለምክንያት ሲፈጥን ወይም ሥርዓቱን ሲስት የልብ ትርታ ተዛባ ይባላል። ለመሆኑ ባል ይህ ችግር ቢያድርበት ሚስትም ልትታመም ትችላለችን? የልብ ትርታ መዛባት ራሱ እንደ ጉንፋን ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። በዘር የሚወረሰውም ዓይነት ቢሆን ከወላጅ ወደ ልጅ ይወርዳል እንጂ ከባል ወደ ሚስት አይሻገርም። ነገር ግን ትርታውን የሚያዛባው መነሻ በሁለቱ ቤት ውስጥ ሊገኝ ይችላል። ከእነዚህ መነሻዎች አንዱ፣ በተለይም ለኢትዮጵያ ደጋማ አገሮችና ለመሐንዲሶች ሙያ ቅርብ የሆነው፣ ጨው ነው። ጨው ከልብ ጋር የሚገናኘውም በአንገት በኩል ነው።

አንገትና ልብ እንዴት ተገናኙ

በእንግሊዝ አገር ባዝ በምትባል ከተማ ይሠሩ የነበሩት ሐኪም ኬሌብ ፓሪ፣ ከሞቱ በኋላ በ1825 እ.ኤ.አ. በታተመ ጽሑፋቸው የአንገት ማበጥ ከልብ መምታት ጋር አብሮ እንደሚታይ ገለጹ። በ1835 እ.ኤ.አ. የደብሊኑ ሮበርት ግሬቭስ በሦስት ሴቶች ላይ ያዩትን ብርቱና የማያቋርጥ የልብ ትርታ ከአንገታቸው ዕጢ ማደግ ጋር አያይዘው አስረዱ። ከአምስት ዓመት በኋላ ደግሞ ጀርመናዊው ካርል ፎን ባዜዶቭ በመርዘቡርግ ከተማ የአንገት ማበጥን፣ የዓይን መጉረጥንና የልብ መፍጠንን በአንድነት የአንድ በሽታ ምልክቶች አድርገው ጻፉ። በሽታው እስከ ዛሬ በእነዚህ ሁለት ሐኪሞች ስም ይጠራል።

በአማርኛ እንቅርት የሚባለው እብጠት መነሻው በጉሮሮ ፊት ለፊት የሚገኘው ታይሮይድ የተባለው ዕጢ ነው። ዕጢው ከምግብና ከውሃ የሚያገኘውን አዮዲን ተጠቅሞ የሰውነትን የሥራ ፍጥነት የሚወስን ቅመም ያመነጫል። በዕጢው ውስጥ አዮዲን መኖሩን ጀርመናዊው የኬሚስትሪ ሊቅ ኦይገን ባውማን በ1895 እ.ኤ.አ. አገኙ፤ ቅመሙን ራሱን ደግሞ አሜሪካዊው ኤድዋርድ ኬንዳል በ1914 እ.ኤ.አ. ለይተው አወጡት። ቅመሙ ሲያንስ ሰውነት ይቀዘቅዛል፤ ልብም ይዘገያል። ሲበዛ ሰውነት ይቃጠላል፤ ሰውየው እየበላ ይከሳል፤ እጁ ይንቀጠቀጣል፤ ልቡም ይፈጥናል። በተለይ ዕድሜው በገፋ ሰው ላይ የልብ የላይኛው ክፍል መምታቱን ትቶ መንቀጥቀጥ ይጀምርና ትርታው ፈጽሞ ሥርዓት ያጣል። የዕጢው ቅመም ከሚበዛባቸው ሕሙማን መካከል ከመቶ ከ10 እስከ 15 የሚሆኑት እዚህ ደረጃ ላይ ይደርሳሉ። በዚህ ጊዜ በልብ ውስጥ የሚረጋው ደም ወደ አንጎል ሄዶ ሰውን ሽባ ሊያደርግ ስለሚችል ጉዳዩ በቀላሉ የሚታይ አይደለም።

የአንድ ቤተ መንግሥት ባልና ሚስት

የባልና ሚስቱ ጥያቄ በዓለም ፊት የተነሣው በ1991 እ.ኤ.አ. ነበር። በዚያ ዓመት በግንቦት ወር መጀመሪያ የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ጆርጅ ቡሽ ካምፕ ዴቪድ በተባለው የዕረፍት ቦታ ሲሮጡ ትንፋሽ አጠራቸው፤ ሲመረመሩም የልባቸው ትርታ ተዛብቶ ተገኘ። ሐኪሞች መነሻውን ሲከታተሉ የግሬቭስ በሽታ መሆኑን ደረሱበት። አስገራሚው ነገር ባለቤታቸው ባርባራ ቡሽ ከሁለት ዓመት ያህል በፊት በዚሁ በሽታ መያዛቸው ነው። እንዲያውም የቤታቸው ውሻ ከሰውነት መከላከያ ኃይል መዛባት የሚመጣ ሌላ በሽታ ነበረባት።

ሁለቱ በደም አይዛመዱም። ስለዚህ መርማሪዎች ፊታቸውን ወደ ቤቱ አዞሩ። ቤተሰቡ ይኖርባቸው የነበሩ ቤቶች የመጠጥ ውሃ አዮዲንና ሊቲየም እንዳለበት ለማወቅ ተመረመረ፤ ለበሽታው ምክንያት የሚሆን ነገር ግን አልተገኘም። አብዛኞቹ ሐኪሞች ነገሩን እንደ አጋጣሚ ቆጠሩት። የግሬቭስ በሽታ የሰውነት መከላከያ ኃይል በራሱ ዕጢ ላይ ሲነሣ የሚመጣ እንጂ ከባል ወደ ሚስት የሚጋባ አለመሆኑ የታወቀ ነው። ይሁን እንጂ የምርመራው አካሄድ ትምህርት የሚሰጥ ነበር። ሁለት የማይዛመዱ ሰዎች አንድ ዓይነት ሕመም ሲይዛቸው ውሃቸውንና ምግባቸውን መመርመር ተገቢ ነው። በዋሽንግተን ያልተገኘው መልስ የአፈሩ አዮዲን በዝናብ በታጠበበት አገር ሊገኝ ይችላል።

ከተራራው የታጠበው

አዮዲን በባሕርና በባሕር ዳር በብዛት ይገኛል። በተራራማ አገር ግን ለብዙ ሺህ ዘመናት የዘነበው ዝናብ ከአፈሩ ላይ አጥቦ ይወስደዋል። እህሉም፣ ሣሩም፣ ከብቱም፣ ውሃውም በአዮዲን ድሃ ይሆናሉ። በአውሮፓ የአልፕስ ተራሮች፣ በእስያ የሂማላያ ግርጌዎች እንቅርት የበዛው በዚህ ምክንያት ነው።

የሰሜን ወሎም ምድር ይህንኑ መልክ የያዘ ነው። የዞኑ ዋና ከተማ ወልድያ የተቆረቆረችው ከደሴ ወደ መቀሌ የሚሄደው መንገድ ወደ ወረታ ከሚወጣው መንገድ ጋር በሚገናኝበት፣ ደጋው ወደ ቆላው በሚወርድበት ጥግ ላይ ነው። ከዚያ በደሴ መንገድ ወደ ደቡብ ሲወረድ ስሪንቃ፣ ቀጥሎም የሀብሩ ወረዳ ዋና ከተማ መርሳ ይገኛሉ። ሀብሩ በምዕራብ ከተራራው ግድግዳ ጋር ተደግፎ በምሥራቅ ከአፋር ይዋሰናል። ከተራራው የሚወርደው ጎርፍ አፈሩን እየጠረገ ወደ ቆላው ይወስደዋል። ጨው ግን በተቃራኒው ከአፋር ቆላ ወደ ደጋው ይወጣል፤ አሞሌ ጨው እንደ ገንዘብ ይቆጠር ከነበረበት ዘመን ጀምሮ በግመል ጀርባ፣ በኋላም በጭነት መኪና ሲጓዝ ኖሯል። ጎርፉ ከደጋው ያጠበው አዮዲን በጨው አማካይነት ሊመለስ ይችላል፤ ይህ የሚሆነው ግን ሰው በጥበብ ሲጨምርበት ብቻ ነው፤ ከሐይቅና ከመሬት የሚወጣ ጨው በራሱ በቂ አዮዲን የለውምና።

የእንቅርት መስፋፋት በአገራችን የቆየ ነገር መሆኑን ቋንቋው ራሱ ይመሰክራል። «በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ» የሚለው ተረት የሚነገረው እንቅርት ሁሉም የሚያውቀው መከራ ስለነበረ ነው። ዶክተር ዘውዴ ወልደ ገብርኤልና ባልደረቦቻቸው በ1993 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት፣ ከ35 ሺህ በላይ ተማሪዎችን ባካተተ ጥናት ከመቶ 30 ያህሉ እንቅርት እንዳለባቸው ታየ። ዶክተር ቸርነት አቡዬና ባልደረቦቻቸው በ1997 ዓ.ም. ባደረጉት አገር አቀፍ ጥናት ደግሞ ከ6 እስከ 12 ዓመት ከሆናቸው ልጆች መካከል ከመቶ 40 ያህሉ እንቅርት ተገኘባቸው። ነገሩ መሻሻል ሲገባው አልተሻሻለም ማለት ነው።

ለዚህ አንዱ ምክንያት የጨው መንገድ መለወጥ ነበር። ቀደም ሲል አብዛኛው የአገሪቱ ጨው ከአሰብና ከምፅዋ ይመጣ ነበር፤ በ1980ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ ገደማም አዮዲን እየተጨመረበት ነበር። በግንቦት 1990 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር ጦርነት ሲነሣ ይህ መንገድ ተዘጋ። አገሪቱ ወደ አፍዴራ ሐይቅ ጨው ዞረች፤ በዚያ ግን በጊዜው አዮዲን የሚጨምር መሣሪያ አልነበረም። አዮዲን በጨው ላይ እንዲጨመር የሚያስገድደው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 204 የወጣው በ2003 ዓ.ም. ነው። በዚያው ዓመት በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት አዮዲን ያለበት ጨው የተገኘው ከመቶ በ15 ያህሉ ቤቶች ብቻ ነበር። በ2008 ዓ.ም. በተደረገው ተመሳሳይ ጥናት ግን ቁጥሩ ከመቶ ወደ 89 ከፍ አለ። በአምስት ዓመት እንዲህ ያለ እመርታ ማሳየት የሚያስመሰግን ነው።

መድኃኒቱ ሲበዛ

እዚህ ላይ ታሪኩ ወደ ልብ ይመለሳል። አዮዲን ለረጅም ዘመን ያጣ ዕጢ ያለውን ለማብቃቃት ሲል ያድጋል፤ ከጊዜ በኋላም በውስጡ ከሰውነት ትእዛዝ ውጭ በራሳቸው የሚሠሩ ጓጉላዎች ይፈጠራሉ። አዮዲን እስከሌለ ድረስ ጓጉላዎቹ ጉዳት አያደርሱም። አዮዲን በድንገትና በብዛት ሲመጣ ግን ያለልክ ቅመም ማምረት ይጀምራሉ፤ ልብም ይፈጥናል።

ይህ አዲስ ግኝት አይደለም። የጄኔቫው ሐኪም ዣን ፍራንሷ ኮንዴ በ1820 እ.ኤ.አ. እንቅርትን በአዮዲን ማከም ጀምረው ብዙም ሳይቆዩ አንዳንድ ሕሙማን ሲከሱና ልባቸው ሲፈጥን አይተዋል። በአውስትራሊያ በምትገኘው የታዝማኒያ ደሴት በ1966 እ.ኤ.አ. በዳቦ ላይ አዮዴት መጨመር ሲጀመር የዚህ ሕመም ተጠቂዎች ቁጥር ለጥቂት ዓመታት ከፍ አለ። በዚምባብዌም በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. አዮዲን የበዛበት ጨው ከተሠራጨ በኋላ ተመሳሳይ ነገር ታየ። የዓለም ጤና ድርጅትና የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መርጃ ድርጅት በ1996 እ.ኤ.አ. በአንድ ኪሎ ጨው ከ20 እስከ 40 ሚሊግራም አዮዲን እንዲሆን ልኩን የወሰኑት ከእንዲህ ዓይነቱ ልምድ በኋላ ነው።

ከዚህ የሚወጣው ትምህርት አዮዲንን መተው አይደለም። የአዮዲን ማጣት የሚያደርሰው ጉዳት፣ ይልቁንም በማኅፀን ባለ ሕፃን አእምሮ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት፣ ከዚህ እጅግ የከፋ ነው። ትምህርቱ ልክን መጠበቅ ነው። በአንድ ቤት ለብዙ ዓመት በአዮዲን እጦት የኖሩ፣ ዕድሜያቸው የገፋ ባልና ሚስት ከአንድ ከረጢት ልክ ያጣ ጨው ቢበሉ የሁለቱም ልብ ሊፈጥን ይችላል። ይህ ሲሆን ባል ከሚስት ሕመም ተጋባበት አይባልም፤ ሁለቱንም ያገኛቸው ከአንድ ከረጢት የወጣ የአሠራር ጉድለት ነው።

የአምስት ግራም ሥራ

ይህ ጉድለት በሐኪም እጅ አይታረምም። ሒሳቡን ማየት ይበቃል። በአንድ ኪሎ ጨው 30 ሚሊግራም አዮዲን እንዲኖር ከተፈለገ ለአንድ ኩንታል 3 ግራም አዮዲን ያስፈልጋል። የሚጨመረው ፖታሲየም አዮዴት ሲሆን፣ ከክብደቱ 59 በመቶ የሚሆነው አዮዲን ስለሆነ ለኩንታሉ 5 ግራም ያህል ይበቃዋል። አንድ ሰው በቀን 10 ግራም ጨው ቢበላ ከዚህ 300 ማይክሮግራም ይደርሰዋል። ከፋብሪካ እስከ ቤት አንድ አምስተኛው፣ ከቀረውም በማብሰል ሌላ አንድ አምስተኛው ቢጠፋ 192 ማይክሮግራም ይተርፋል። ለዐዋቂ ሰው የሚያስፈልገው 150 ስለሆነ ልኩ ትክክል ነው።

ችግሩ 5 ግራሙን በ100 ኪሎ ውስጥ እኩል ማዳረስ ነው። አዮዴቱ በደንብ ሳይዋሐድ ሁሉም በአንድ ጥግ ባለ 10 ኪሎ ጨው ላይ ቢያርፍ፣ ያ ጨው በኪሎ 300 ሚሊግራም ይይዛል፤ የቀረው 90 ኪሎ ግን ባዶ ነው። አንዱ ቤት አሥር እጥፍ ይበላል፤ ዘጠኙ ቤት እንቅርቱን እንደያዘ ይቀራል። በአካፋ ማገላበጥ ይህን አያስቀርም። በሚንቀሳቀስ ቀበቶ ላይ በሚያልፍ ጨው ላይ የተመጠነ የአዮዴት ውሁድ መርጨት፣ ቀጥሎም በመጠምዘዣ ማደባለቂያ ማሳለፍ፣ የጨውን እርጥበትና የእንክብሉን መጠን መቆጣጠር ያስፈልጋል። ጨው ሲነካ ወደ ሰማያዊ የሚለወጠው የመስክ መመርመሪያ አዮዲን መኖሩን እንጂ ልኩን በአስተማማኝ ሁኔታ አይናገርም፤ ልኩ የሚታወቀው በላቦራቶሪ ነው። የማይክሮ ንጥረ ምግቦች አገር አቀፍ ጥናት እንዳሳየውም በአብዛኞቹ ቤቶች አዮዲን ቢገኝም ልኩን የጠበቀ ጨው የተገኘው በአንድ አራተኛው ቤቶች ገደማ ብቻ ነበር። ከመቶ 89 የሚለው ቁጥር ሲነገር ይህም አብሮ መነገር አለበት።

ከፋብሪካው ወዲህም ጥንቃቄ ያሻል። ክፍት ከረጢት፣ ፀሐይና እርጥበት አዮዲንን ያባክናሉ። ስለዚህ ጨውን ክዳን ባለው ዕቃ ማስቀመጥና ወጥ ከምድጃ ሊወርድ ሲል መጨመር ይመከራል።

እንግዲህ ባልና ሚስት አንድ ዓይነት የልብ ትርታ መዛባት ሊኖርባቸው ይችላልን ለሚለው ጥያቄ መልሱ አዎን ነው፤ ነገር ግን አንዱ ለሌላው ስለሚያስተላልፍ አይደለም። በወልድያም ሆነ በመርሳ ወይም በሀብሩ ገጠር ሁለቱም ልባቸው እየፈጠነ ወደ ሕክምና ሲመጡ ሐኪሙ አንገታቸውን ይዳስሳል፤ ስለሚበሉት ጨውም ይጠይቃል። ለዚያ ጥያቄ ግን ከሐኪሙ አስቀድሞ መልስ መስጠት የሚገባው፣ ጨው በሚመረትበት ቦታ አምስቱን ግራም የሚመዝነውና ማደባለቂያውን የሚቆጣጠረው ባለሙያ ነው።