ተላላፊ በሽታ (በጅግጅጋና አካባቢዋ)

ተላላፊ በሽታ፦ በባክቴሪያ፣ በቫይረስ ወይም በጥገኛ ተውሳክ የሚመጣ፣ ከሰው ወደ ሰው፣ ከእንስሳ ወደ ሰው ወይም በተበከለ ውኃና ምግብ የሚዛመት ሕመም። በጅግጅጋ፣ በቀብሪበያህና በቶጎ ውጫሌ ነገሩ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከውኃ ነው። የዝናብ ውኃ ቢርካ በሚባለው የተለሰነ ጉድጓድ ይጠራቀማል፤ በድርቅ ወራት ቦቴ ያመላልሳል፤ ከዚያ በቢጫ ጀሪካን ቤት ይገባል። በክሎሪን የታከመ ውኃም ቢሆን ባልዲ ውስጥ ያልታጠበ እጅ የያዘው ጣሳ ሲጠልቅበት ዳግም ይበከላል።

ኮሌራ የዚህ መንገድ ዋነኛ ተጠቃሚ ነው። በጤና ቢሮዎች ቋንቋ ለዓመታት «አተት» (አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት) እየተባለ ሲጠራ ኖሯል። በ2009 ዓ.ም. ድርቅ ወቅት በሶማሌ ክልል፣ በተለይ በዶሎ ዞን፣ ወረርሽኙ በርትቶ ነበር። ተሕዋሲው ሰውነት ከገባ በኋላ ምልክቱ እስኪታይ ከጥቂት ሰዓታት እስከ 5 ቀን ይወስዳል። በበሽታው ከተያዙት አብዛኞቹ ምንም ወይም ቀላል ምልክት ብቻ ቢኖራቸውም፣ በዓይነ ምድራቸው ተሕዋሲውን ያስወጣሉ፤ እነዚህ ተሸካሚ ይባላሉ። እንደ ቶጎ ውጫሌ ባለ የድንበር ከተማ ትኩሳት መለካት ብቻውን የማይበቃውም ለዚህ ነው፤ ደግሞም ኮሌራ አብዛኛውን ጊዜ ትኩሳት የለውም።

ለይቶ ማቆያ ለበሽታው ተጋልጠው ገና ላልታመሙ፣ ለይቶ ማከሚያ ደግሞ ለታመሙ ነው፤ ሁለቱን ማደባለቅ ጤነኛውን ማሳመም ነው። ለኮሌራ ታማሚ የመጀመሪያው እርዳታ የኦ.አር.ኤስ (ከሰውነት የወጣውን ፈሳሽና ጨው የሚተካ ዱቄት) ውኃ ነው፦ 1 ከረጢት በ1 ሊትር ንጹሕ ውኃ።

ከውኃ ውጭ የሚመጣም አለ፦ ብሩሴሎሲስ ከእንስሳ የሚተላለፍ ነው፤ ያልተፈላ የግመል ወተት አንዱ መንገዱ ነው።