የቤልፋስት ሴቶችና የዕርቅ ትምህርት



የታሪክ መጻሕፍት ዕርቅን ሲያወሱ ብዙውን ጊዜ የሚጠሩት የፈረሙትን ሚኒስትሮች ነው። እኛ ግን በዚህ በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል መጽሔት ልናነሣ የወደድነው፥ ከፊርማው በፊት አያሌ ዓመታት በጠባብ ክፍሎች ውስጥ የተሠራውን ሥራ ነው፤ ይኸውም የሰሜን አየርላንድ ዋና ከተማ የቤልፋስት ሴቶች የተማማሩት ትምህርት ነው። ዓመታቱ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር የተጻፉ ናቸው።

አገሪቱን የከፈላት ነገር በሃይማኖት ስም ይጠራ እንጂ ሃይማኖት ብቻ አልነበረም። ፕሮቴስታንቶቹ በአብዛኛው ከብሪታንያ ጋር እንደ ተዋሐዱ ለመኖር ሲሹ፥ ካቶሊኮቹ በአብዛኛው ከአየርላንድ ሪፑብሊክ ጋር አንድ ለመሆን ይመኙ ነበር። ከዚህም በላይ ካቶሊኮቹ በሥራ፥ በመኖሪያ ቤትና በምርጫ ተበድለናል ይሉ ነበር፤ በእውነትም ተበድለዋል። ከ1960ዎቹ መጨረሻ እስከ 1998 በቈየው ሁከት ከ3,500 የሚበልጡ ሰዎች ሞቱ። በ1969 በካቶሊኮቹ በፎልስና በፕሮቴስታንቶቹ በሻንክል ሰፈር መካከል አጥር ታጠረ፤ አጥሩም ኋላ ግንብ ሆነ። በሚሲዮን ትምህርት ቤት ላደግነው ለእኛ ይህ ነገር ያሳፍረናል፤ ሁለቱም ወገኖች አንዱን ወንጌል የሚያነቡ ናቸውና።

በኦገስት 1976 ነጂው በእንግሊዝ ወታደሮች ጥይት የተመታ የአንድ ታጣቂ መኪና ከመንገድ ወጥቶ የአንዲት እናት ሦስት ልጆች ገደለ። የልጆቹ አክስት ወይዘሪት ሜይሬድ ኮሪጋንና አደጋው ሲደርስ በአቅራቢያው የነበሩት ወይዘሮ ቤቲ ዊልያምስ ሕዝቡን ለሰላም ሰልፍ ጠሩ። ከሁለቱም ወገን በብዙ ሺህ የሚቈጠሩ ሰዎች፥ ይልቁንም ሴቶች፥ ወጡ፤ ሁለቱም ወይዛዝርት የ1976ን የኖቤል የሰላም ሽልማት ተቀበሉ። ሰልፉ ግን እንደ ክረምት ጎርፍ ሆነ፤ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ኅብረቱ ተዳከመ። ሰልፍ የወጣችው ሴት ማታ የምትመለሰው ወደዚያው ወደ ሰፈርዋ ነው፤ ከግንቡ ወዲያ ካለችው ሴት ጋር ነገ የምትነጋገርበት ቦታ የላትም። በእኛ አስተያየት ከሰልፉ ይልቅ የሚደነቀው ከዚያ በኋላ በዝግታ የተሠራው ነው።

በ1980ዎቹ በፎልስም በሻንክልም የሴቶች ማእከሎች ተከፈቱ። መጀመሪያ የተከፈቱት ለዕርቅ አልነበረም። ትምህርታቸውን በልጅነት ትተው ወደ ሥራና ወደ ትዳር የገቡ እናቶች፥ ባላቸው የታሰረባቸው ወይም የሞተባቸውም ጭምር፥ ልጆቻቸውን እዚያው ለሞግዚት ሰጥተው ይማሩ ነበር። (የሕፃናቱ ክፍል ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ነገር ግን ያለ እርሱ ስንቲቱ እናት ልትማር ትችል ነበር?) ንባብና ሒሳብ ብቻ ሳይሆን፥ ሕግ ምን እንደሚል፥ አቤቱታ እንዴት እንደሚጻፍ፥ በስብሰባ መካከል ተነሥቶ እንዴት እንደሚነገር ተማሩ። ከወዲያ ሰፈር ሴቶች ጋር በተገናኙም ጊዜ እርጥበት የበላው ግድግዳ፥ ሥራ ማጣት፥ በገዛ ቤት መደብደብ ግንቡን ተሻግሮ እንደሚገኝ አዩ።

ፈተናው የመጣው በ1980ዎቹ ማብቂያ ገደማ ነው። የፕሮቴስታንት ፓርቲዎች የሚበዙበት የከተማው ማዘጋጃ ቤት ለፎልስ ማእከል ይሰጥ የነበረውን ገንዘብ አቋረጠ። የሻንክል ሴቶች ዝም ቢሉ ማንም አይወቅሳቸውም ነበር፤ ዝም ማለቱም ይጠቅማቸው ነበር። እነርሱ ግን በገዛ ወገኖቻቸው ፊት ቆመው ለፎልስ ሴቶች ተከራከሩ። ይህንንም ሲያደርጉ ፕሮቴስታንትነታቸውን አልተዉም፤ ከብሪታንያ ጋር መኖርንም አልካዱም። ልዩነታቸውን ሳይደብቁ አብረው መሥራትን የተማሩት በዚህ ዓይነት ነው።

በ1996 የሰላም ድርድር ተወካዮች በምርጫ እንዲሰየሙ በተወሰነ ጊዜ፥ ካቶሊኳ የዩኒቨርስቲ መምህርት ሞኒካ ማክዊልያምስና ፕሮቴስታንቷ የሰፈር ማኅበራዊ ሠራተኛ ፐርል ሳጋር የሴቶች ጥምረት የተባለ ፓርቲ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከሌሎች ጋር አቋቋሙ። ያገኙት ድምፅ ከመቶ አንድ ያህል ነበር፤ ሆኖም ደንቡ ለዐሥሩ ቀዳሚ ፓርቲዎች ሁለት ሁለት ወንበር ይፈቅድ ነበርና ገቡ። አንዳንድ ወንዶች ተወካዮች ሴቶቹ ሲናገሩ እንደ ላም «እምቧ» ይሉባቸው ነበር። በላም ድምፅ ክርክር የሚረታ መስሏቸው ይሆናል! ሴቶቹ ግን ከጠረጴዛው ዘወትር አንዲት ከዚህ፥ አንዲት ከዚያ ወገን ሆነው እየተቀመጡ እስከ መጨረሻው ቈዩ።

ኤፕሪል 10 ቀን 1998 የተፈረመው ስምምነት ስለ ጉዳተኞችና ስለ ሙታን ቤተ ሰቦች፥ ስለ ድብልቅ መኖሪያ ሰፈርና የሁለቱ ወገን ልጆች አብረው ስለሚማሩበት ትምህርት የሚናገሩ ቃላት የገቡበት የእነዚህ ሴቶች ብርቱ ጥረት ተጨምሮበት ነው። እኛ ተማሪዎች ስለ ሆንን ከሁሉ ይልቅ ያተኰርነው በዚህ በመጨረሻው ነው። የመጀመሪያው ድብልቅ ትምህርት ቤት፥ ላገን ኮሌጅ፥ በ1981 በወላጆች ጥረት ሲከፈት ተማሪዎቹ 28 ብቻ ነበሩ። ዛሬም እንዲህ ባሉ ትምህርት ቤቶች የሚማረው ልጅ ከዐሥር አንድ አይሞላም።

የሴቶች ጥምረት በ2003 ወንበሮቹን አጥቶ በ2006 ፈረሰ። በፎልስና በሻንክል መካከል ያለው ግንብ ግን እስከ አሁን ቆሞአል፤ በሮቹም ማታ ማታ ይቈለፋሉ። የሁለቱ ሰፈር ሴቶች ማእከሎችም እስከ ዛሬ ክፍት ናቸው።