በቤት የተጠመቀ የበርሜል ቢራ የጋዝ ችግር

በቤት የተጠመቀ የበርሜል ቢራ የጋዝ ችግር የሚባለው ቢራው ከሚፈለገው በታች ወይም በላይ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲይዝ፣ ወይም ሲቀዳ አረፋ ብቻ ሲሆን ነው። በአሜሪካ የቤት ጠማቂዎች ብዙውን ጊዜ የሚጠቀሙት በመጀመሪያ ለለስላሳ መጠጥ የተሠራውን፣ 19 ሊትር ገደማ የሚይዘውን የኮርኔሊየስ በርሜል ነው። በርሜሉ በአንድ ቱቦ ከጋዝ ሲሊንደር፣ በሌላ ቱቦ ከመቅጃ ቧንቧ ጋር ይገናኛል።

መሠረተ ሐሳብ

እንግሊዛዊው ኬሚስት ዊሊያም ሄንሪ በ1803 እ.ኤ.አ. ባቀረበው ሕግ መሠረት፣ ሙቀቱ ካልተለወጠ በፈሳሽ ውስጥ የሚሟሟው ጋዝ ከፈሳሹ በላይ ካለው የጋዙ ግፊት ጋር አብሮ ይጨምራል። ፈሳሹ ሲቀዘቅዝ ደግሞ የበለጠ ጋዝ ይይዛል። የጋዙ መጠን በ«ቮልዩም» ይገለጻል። ብዙ ቢራዎች 2.5 ቮልዩም አካባቢ ይይዛሉ፤ ይህም በአንድ ሊትር ወደ 5 ግራም ይጠጋል። በ4 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይህን ለማግኘት 0.8 ባር ገደማ ይበቃል። በ12 ዲግሪ ግን ያው ግፊት ከ2 ቮልዩም በታች ይሰጣል። ስለዚህ የቢራው ሙቀት ሳይታወቅ የግፊት ቁጥር ብቻውን ምንም አይናገርም።

የግፊት መለኪያው የሚያሳየው ከአካባቢው አየር በላይ ያለውን ግፊት ነው። በመሆኑም 1,600 ሜትር ከፍታ ላይ በምትገኘው ዴንቨር ከባሕር ጠለል ይልቅ 0.17 ባር ገደማ መጨመር ያስፈልጋል።

ጋዝ ማነስ

* ጊዜ አለመብቃት፦ በቋሚ ግፊት ቢራው ጋዙን ለመያዝ ከ1 እስከ 2 ሳምንት ይፈልጋል። በርሜሉን መነቅነቅ ሥራውን ያፈጥናል።
* ማፍሰስ፦ ክዳኑና ማገናኛዎቹ ላይ የሳሙና ውኃ ሲቀባ አረፋ ከተነፋ ጋዝ እየወጣ ነው። የጎማ ቀለበቱ ይቀየራል።
* የቆሸሸ ብርጭቆ፦ ቅባት አረፋውን ስለሚያጠፋ ደህናው ቢራ ጋዝ የሌለው ይመስላል።

ጋዝ መብዛት

የጋዝ መስመሩ ይነቀልና በርሜሉ በማስተንፈሻው በኩል ይተነፍሳል፤ ከጥቂት ሰዓት በኋላ ይደገማል። መስመሩ ተነቅሎ ሳለ ግፊቱ በየቀኑ የሚጨምርና ቢራውም የሚኮመጥጥ ከሆነ፣ ያልተፈለገ እርሾ ወይም ባክቴሪያ ስኳሩን እያብላላ ሊሆን ይችላል።

አረፋ ብቻ መቅዳት

ይህ ሁልጊዜ የጋዝ መብዛት ምልክት አይደለም። ቱቦው አጭር ወይም ሰፊ ከሆነ ቢራው በኃይል ይወጣል፤ ቱቦው ወይም ቧንቧው ከቢራው ይልቅ ከሞቀ ደግሞ ጋዙ መንገድ ላይ ይለያል። በሁለቱም ጊዜ ከአረፋው ሥር ያለው ቢራ ጋዝ ያጣ ይሆናል። ጠማቂው ይህን አይቶ ግፊቱን ቢቀንስ በርሜሉ ውስጥ ያለው ቢራ ቀስ በቀስ ጋዙን ያጣል፤ ቢጨምር ደግሞ አረፋው ይብሳል። የመጀመሪያው ብርጭቆ ብቻ አረፋ ሆኖ ቀጣዩ ከተስተካከለ ምክንያቱ የቧንቧው ሙቀት ነው። ሁሉም አረፋ ከሆነ ቱቦውን ማስረዘም ይሞከራል፤ ውስጡ 5 ሚሊ ሜትር ገደማ ለሆነ ቱቦ 3 ሜትር የተለመደ ርዝመት ነው። ግፊቱ የሚነካው ይህ ከተጣራ በኋላ ነው።

ጥንቃቄ

ካርቦን ዳይኦክሳይድ ቀለምና ሽታ የለውም፤ ከአየርም ይከብዳል። በተዘጋ ጠባብ ክፍል ውስጥ ከፈሰሰ ሰውን አፍኖ ሊገድል ስለሚችል ሲሊንደሩ አየር በሚዘዋወርበት ቦታ፣ ቆሞና ታስሮ ይቀመጣል። በበርሜሉ ላይ ከተጻፈው ከፍተኛ ግፊት ማለፍ አይገባም፤ ክዳኑም ግፊቱ ሙሉ በሙሉ ሳይተነፍስ አይከፈትም።