የሕክምና ስሕተት በጽኑ ሕሙማን ክፍል

የሕክምና ስሕተት፣ የታቀደው ሕክምና በአግባቡ ሳይፈጸም ሲቀር ወይም ዕቅዱ ራሱ ከመነሻው ሳይቀና ሲቀር የሚደርስ ጉድለት ነው። በ1952 እ.ኤ.አ. በኮፐንሃገን ከተከሰተው የፖሊዮ ወረርሽኝ ተምሮ ዴንማርካዊው ሐኪም ቢዮርን ኢብሰን የመሠረተው የጽኑ ሕሙማን ክፍል፣ እስትንፋሳቸው የደከመባቸውን ለማትረፍ የታሰበ ቢሆንም፣ በዚያ የተኛ ሰው በአንድ ቀን ብዙ መድኃኒት ስለሚቀበልና አካሉም ጥቂቷን ጉድለት የሚቋቋምበት ኃይል ስለሚያንሰው፣ በሌላ ክፍል ቀላል የሚሆነው ስሕተት በዚህ ለሞት ሊያደርስ ይችላል።

የፖታሲየም ክሎራይድ ብልቃጥና የመድኃኒት መበጥበጫው ውሃ ብልቃጥ በመልክ ተመሳስለው ጎን ለጎን ሲቀመጡ፣ በሌሊት ተረኛነት የደከመች ነርስ እጇ ቢሳሳት፣ ያልተበረዘው ፖታሲየም ልብን በደቂቃዎች ውስጥ ያቆማል፤ ጥፋቱን በእርሷ ላይ ብቻ መጫን ግን ፍትሕን ከማጉደሉም በላይ አደገኛውን መደርደሪያ እንዳለ መተው ነው።

አደጋው ከክፍሉ ውጭም ይከተላል፤ በአዲስ አበባ ከብስራተ ገብርኤል ወደ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል በአምቡላንስ ለሚዛወር ጽኑ ሕሙምም፣ መኪናው በመንገድ መጨናነቅ ሲዘገይ ኦክስጅኑ እንዳያልቅ፣ የመተንፈሻ ቱቦውም እንዳይነቀል አስቀድሞ ማረጋገጥ ግድ ነው።

እንዲህ ያለውን ጉድለት በሥርዓት መከላከል ይቻላል፤ በ2006 እ.ኤ.አ. የታተመው የጽኑ ሕክምና ባለሙያው የፒተር ፕሮኖቮስትና የባልደረቦቹ ጥናት እንዳሳየው፣ በአሜሪካ ሚሺጋን በ103 የጽኑ ሕሙማን ክፍሎች እጅ መታጠብንና ቆዳን በክሎርሄክሲዲን ማጽዳትን የመሰሉ ሥርዓቶች ሲጠበቁ፣ በደም ሥር ቱቦ የሚመጣው የደም ኢንፌክሽን እስከ 66 በመቶ ቀንሷል፤ ሐኪሙ አንዱን ሲዘነጋም ነርሷ ሥራውን እንድታስቆም ሥልጣን ተሰጥቷት ነበር።