ቀጥሎ ምን ሊመጣ ይችላል?

ሐኪም ስለ ኮምፒውተር ሰዋስው ምን አገባት የሚል የትምህርት ዘመን ጓደኛ አይጠፋም። ነገሩ ግን ከእኛም ሙያ የራቀ አይደለም። በምሠራበት በቆሼ በታካሚ ካርድ ላይ «ልጁ ይመታል» የሚል ጽሑፍ ቢገጥመኝ፣ ልጁ እየመታ ነው ወይስ እየተመታ? ፊደላችን መጥበቅና መላላትን አያሳይም። «ልጁ ይመታል፤ እኩዮቹም ይሸሹታል» ከሆነ አንድ ነገር ነው፤ «ልጁ ይመታል፤ ጀርባው ላይ ሰንበር አለ» ከሆነ ሌላ። የሚወስነው ቀጥሎ የሚመጣው ነው።

ኮምፒውተርም የፕሮግራም ጽሑፍ ሲያነብ ይኸው ጥያቄ አለበት። እስካሁን ያነበበውን «አንድ ሐረግ ሆኗል» ብሎ ይዝጋው ወይስ ይጠብቅ? እ.ኤ.አ. በ1965 ዶናልድ ክኑዝ ጥቂት ቀጣይ ምልክቶችን ብቻ አይቶ፣ ወደ ኋላ ሳይመለስ የሚወስን አንባቢ እንዴት እንደሚሠራ አሳየ። እያንዳንዱ ውሳኔ «ቀጥሎ ከእነዚህ አንዱ ከመጣ ዝጋ» የሚል ዝርዝር አለው፤ ይህ ነው የሉክአሄድ ስብስብ የሚባለው። ችግሩ፣ የዘዴው ሰንጠረዥ ለዘመኑ ኮምፒውተሮች እጅግ ሰፊ ነበር።

በዚያው ዓመት እዚህ አጠገባችን፣ ዘነበወርቅ ላይ፣ አለርት ተመሠረተ። ከዚያም በፊት ጀምሮ የሥጋ ደዌ ሕሙማን ለሕክምና ከየክፍለ ሀገሩ እየመጡ በአካባቢው ሰፍረዋል። ሁለቱ ታሪኮች ዝምድና የላቸውም። ግን «ከየት መጣህ?» የሚለው የሰፈራችን ጥያቄ ቀጣዩን እርምጃ ያስረዳልኛል።

ስብስቡን ለማስላት ቀላሉ መንገድ፣ ሐረጉን በቋንቋው ውስጥ የትም ቢሆን ሊከተል የሚችለውን ሁሉ መሰብሰብ ነው። ይሄ ትኩሳት ላለበት ሰው ሁሉ በኢትዮጵያ ያለውን የትኩሳት መንስኤ በሙሉ እንደ መደርደር ነው። ዝርዝሩ ሲሰፋ ውሳኔዎች ይጋጫሉ። ፍራንክ ዴሬመር እ.ኤ.አ. በ1969 በኤምአይቲ የዶክትሬት ጽሑፉ ያቀረበው ኤልኤኤልአር የተባለው ዘዴ ግን እዚህ የደረስነው በየት በኩል እንደሆነም ያያል። እኔም «እማማ፣ ሰሞኑን የት ነበሩ?» እላለሁ። ከጋምቤላ ከመጡ ወባ ከዝርዝሩ አናት ላይ ይወጣል፤ ከቆሼ ካልወጡ ወደ ታች ይወርዳል።

ቁጠባው ዋጋ አለው። ዘዴው በተለያየ መንገድ መጥተው አሁን አንድ የሚመስሉ ሁኔታዎችን ያዋህዳል፤ ዝርዝራቸውም ይቀላቀላል። አልፎ አልፎ በክኑዝ ዘዴ ያልነበረ ግጭት ይፈጠራል።

እ.ኤ.አ. በ1975 ስቲቨን ጆንሰን ከቤል ላብስ ያክ የተባለውን ፓርሰር ጀነሬተር ይፋ አደረገ፤ ሰዋስው ብትሰጡት አንባቢውን ራሱ ይሠራል። በ1982 ደግሞ ዴሬመርና ቶማስ ፔኔሎ ስብስቦቹን በፍጥነት የማስላት ዘዴ አሳተሙ። የትኛው ስብስብ ከየትኛው እንደሚወርስ ይመዘግባሉ፤ እርስ በርስ የሚወራረሱትን እንደ አንድ ቤተሰብ ይይዛሉ፤ ስሌቱም ሳይደጋገም ያልቃል።

አማርኛስ? እ.ኤ.አ. በ2002 በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የተሠራ የሁለተኛ ዲግሪ ጥናት የአማርኛ ዓረፍተ ነገርን በኮምፒውተር ለመተንተን ሞክሯል፤ የተጠቀመው በዕድል ስሌት የተመዘነ ሰዋስው ነው። ሰው የሚናገረው ቋንቋ ቀጣዩን አንድ ቃል በማየት ብቻ ሁልጊዜ አይፈታምና።

ያክ ግጭት ሲገጥመው ለሠሪው ያስታውቃል፤ ከዚያ ግን በራሱ ደንብ አንዱን መርጦ ይቀጥላል። ለፕሮግራም ቋንቋ ይሄ ይበቃ ይሆናል። የታካሚ ካርድ ወደ ኮምፒውተር እየገባ ባለበት ዘመን ግን «ይመታል»ን ማሽን በልማድ ከመረጠው፣ የሚደበደብ ልጅ ደብዳቢ ተብሎ ሊመዘገብ ይችላል። ስለዚህ የኮምፒውተር ሳይንስ ወንድም እህቶቼ፣ እንዲህ ያለ ቦታ ስትደርሱ ሁለቱንም ንባብ አሳዩን። እናትየውን ጠይቀን እኛ እንወስናለን።